ጄኔራል ደጎልና ልጃቸው አን

የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ያሸነፉት ጦርነት፥ የተቀመጡበት ወንበርና የተቀበሉት ኒሻን ነው። ማታ ወደ ቤታቸው ሲገቡ ማን እንደሚቀበላቸው፥ ከእራት በኋላ ማንን አቅፈው እንደሚያስተኙ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔም የፈረንሳዩን መሪ የጄኔራል ሻርል ደጎልን ታሪክ ለመጻፍ በተነሣሁ ጊዜ አሳቤ ስለ ጦርነቱና ስለ መንግሥቱ ብቻ ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን አንድ ፎቶግራፍ አሳቤን ለወጠው፤ ቤታችንንም በጥቂቱ ለወጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታሪክ መምህራችን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከነበሩት መሪዎች አንዱን መርጠን የሕይወት ታሪኩን እንድንጽፍ አዘዙን። እኔ ደጎልን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ በነሐሴ ወር 1958 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንግዳ ሆነው ነበርና፥ አያቴ ያን ጊዜ ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ ወጥተው በጉልበት ሥራ ይኖሩ ስለ ነበር በመንገድ ዳር ቆመው አይተዋቸዋል። ሁለተኛው ምክንያት፥ እውነቱን ለመናገር፥ ቁመታቸው ነው። አንድ ሜትር ከ96 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሰው በጦር ሜዳ ሳይመታ እንዴት ቀረ ብዬ እገረም ነበር። በኋላ ሳነብ ግን ሦስት ጊዜ መቍሰላቸውን ተረዳሁ።

መጽሐፉን ሳገላብጥ በ1933 በባሕር ዳርቻ የተነሡትን ፎቶግራፍ አገኘሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ ረጅም ወታደር ሙሉ ልብሱን እንደ ለበሰ በወንበር ተቀምጦ አንዲት ትንሽ ልጅ በጕልበቱ ላይ አድርጓል። ሰውዬው የሚያየው ባሕሩን ሳይሆን ልጅቱን ነው። ከሥር የተጻፈውን ባነበብሁ ጊዜ ልጅቱ ሦስተኛ ልጁ አን እንደ ሆነችና ዳውን ሲንድረም እንደ ነበረባት ተረዳሁ። ወዲያው መጽሐፉን ዘግቼ ያየኝ ሰው እንዳለ ዙሪያዬን ተመለከትሁ። ምክንያቱም ታላቅ እኅቴ እንደ አን ናት፤ ከክፍል ጓደኞቼም መካከል እኅት እንዳለችኝ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ታሪኩን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሻርል ደጎል በኖቬምበር 22 ቀን 1890 በሰሜን ፈረንሳይ ሊል በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው መምህር ነበሩ። ልጁ ግን ውትድርናን መርጠው ሳን ሲር ከሚባለው የጦር ትምህርት ቤት በ1912 ተመረቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። በዚያ ጦርነት ደጋግመው ከቈሰሉ በኋላ በማርች 1916 በቬርደን ውጊያ ተማረኩ። በጀርመን አገር ታስረው ሳሉ አምስት ጊዜ ለማምለጥ ሞከሩ፤ አምስቱንም ጊዜ ሳይሳካላቸው ቀረ። እንዲህ ያለ ቁመት ይዞ መደበቅ መቼም ቀላል አይደለም። ከእስር የወጡት ጦርነቱ በ1918 ሲያበቃ ነው።

በኤፕሪል 1921 ካሌ በምትባል የወደብ ከተማ ወይዘሮ ኢቮንን አገቡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያ ልጃቸው ፊሊፕ፥ በ1924 ደግሞ ኤልሳቤጥ ተወለዱ። ደጎል በ1927 የሻለቃነት ማዕርግ አግኝተው፥ ያን ጊዜ የፈረንሳይ ጦር በሰፈረባት ትሪር በምትባል የጀርመን ከተማ የአንድ ሻለቃ ጦር አዛዥ ሆኑ። ሦስተኛዋ ልጃቸው አን የተወለደችው በዚያች ከተማ በጃንዩወሪ 1 ቀን 1928፥ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን ነው።

ልጅቱ እንደ ሌሎቹ እንደማታድግ ወላጆቿ ተረዱ። በዚያ ዘመን ስለዚህ ነገር የሚታወቀው በጣም ጥቂት ነበር። ጆን ላንግደን ዳውን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1866 የእንዲህ ያሉትን ልጆች መልክና ጠባይ ገልጦ ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሐኪሙም ለልጆቹ የአንድ ሕዝብ ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ ያ ስም ነውር መሆኑ ስለ ታወቀ በ1960ዎቹ ዓመታት እየተተወ ሁኔታው በሐኪሙ በራሱ ስም ይጠራ ጀመር። ሳይንስ መልስ ባልሰጠበት ቦታ ሐሜት መልስ ይሰጣል። በአውሮፓም ቢሆን አንዳንዱ የአባትን መጠጥ፥ አንዳንዱ በዘር የተደበቀ በሽታን ምክንያት ያደርግ ነበር። ብዙ ትላልቅ ቤተሰቦችም እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድላቸው ሩቅ ወዳለ ማሳደጊያ ልከው ስሙን ሳያነሡ ይኖሩ ነበር።

ይህን ሳነብ የእናቴን ነገር አሰብሁ። እኅቴ በሆሳዕና ስትወለድ የመጣው ሐሜት ከዚህ ብዙ አይለይም። አንዱ እርግማን ነው አለ፤ ሌላው በእርግዝናዋ ጊዜ ያየችው መጥፎ ነገር ነው አለ። እናቴ የዱራሜ ልጅ ናት፤ አባቴ የሀዲያ ሰው ናቸው። ስለዚህ ከሀዲያ በኩል የከምባታ ደም ነው ሲሉ፥ ከከምባታ በኩል ደግሞ የሀዲያ ደም ነው አሉ። ሁለቱም ወገን ጥፋቱን ለሌላው ሲሰጥ ሕፃኗን ለማቀፍ የተሽቀዳደመ አልነበረም። እናቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥፋቷን ስትፈልግ ኖረች። ሌሊት ስትነቃ የበላችውን፥ የተናገረችውን፥ የሄደችበትን መንገድ ሁሉ እያሰበች እንደምትመረምር አንድ ቀን ነግራኛለች።

ደጎልና ባለቤታቸው ልጃቸውን ወደ ማሳደጊያ ላለመስደድ ወሰኑ። ይህ ውሳኔ በአንድ ቀን የሚያልቅ አልነበረም፤ በየአገሩ በተዘዋወሩ ቍጥር እንደገና መወሰን ነበረባቸው። ከ1929 እስከ 1931 በቤይሩት በተመደቡ ጊዜ አንም ከእኅትና ከወንድሟ ጋር አብራ ሄደች። ወደ ፓሪስ ሲመለሱም አብራ ተመለሰች። በ1934 ኮሎምቤ በሚባል ትንሽ መንደር ትልቅ ግቢ ያለው ቤት ገዙ። ያን ቤት ከመረጡበት ዋና ምክንያት አንዱ አን ከሰው ዐይንና ከከተማ ጫጫታ ርቃ በአትክልቱ ውስጥ እንደ ልቧ እንድትንቀሳቀስ ነው። ዓለም ሁሉ በኋላ የታላቁ ሰው ቤት እያለ የሚጎበኘው ያ ግቢ በመጀመሪያ የታሰበው ለአንዲት ስድስት ዓመት ለሆናት ልጅ ነበር።

ደጎል በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ ኮስታራና ሰው የማያስጠጉ በመባል የታወቁ ነበሩ። በቤታቸው ግን ሌላ ሰው ይሆኑ እንደ ነበር የሚያውቋቸው ሁሉ መስክረዋል። ከሥራ እንደ ተመለሱ የአንን እጅ ይዘው በግቢው ውስጥ ይዞራሉ፤ ዘፈን ይዘፍኑላታል፤ ለእሷ ሲሉ ይጨፍራሉ፤ የወታደር ቆባቸውን አውልቀው እንድትጫወትበት ይሰጧታል። አን የምትናገረው ጥቂት ቃላት ብቻ ነበር፤ አባቷን መጥራት ግን ታውቅ ነበር።

እኔ ከሁሉ ይልቅ ልብ ያልሁት ግን ሸክሙ የተከፋፈለበትን መንገድ ነው። እናቲቱ ብቻቸውን አልነበሩም። ልጅቱን የምትንከባከብ ሞግዚት በቤቱ ነበረች፤ አባትየውም የራሳቸው ሰዓት ነበራቸው። እርግጥ ነው፥ ሞግዚት መቅጠር የሚችሉት ገንዘብ ያላቸው ናቸው። የአባት ሰዓት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በዚህም ምክንያት ፊሊፕና ኤልሳቤጥ ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ አደጉ፤ ፊሊፕ በባሕር ኃይል አድሚራል እስከ መሆን ደረሱ። የአንዲት ልጅ መታመም የሌሎቹን ልጅነት እንዳይበላው መጠበቅ ራሱ የወላጅ ሥራ ነው።

በዚህ መካከል አን በተወለደችባት በጀርመን አገር የሆነውን መናገር ይገባል። በኦገስት 1939 የናዚ መንግሥት ሐኪሞችና አዋላጆች እንደ አን ያሉትን ሕፃናት እየመዘገቡ እንዲያስታውቁ በምስጢር አዘዘ። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቈጠሩ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ሊታከሙ ነው እየተባለ ተወስደው በሐኪም ቤት ውስጥ ተገደሉ። እንግዲህ ሰውን የሚጠቅምና የማይጠቅም ብሎ መክፈል የተጀመረ እንደ ሆነ ነገሩ የት እንደሚደርስ ታሪክ አሳይቶናል።

በሜይ 1940 የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ወረረ። ደጎል የታንክ ክፍለ ጦር እየመሩ ተዋጉ፤ ወዲያውም የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕርግ ተሰጣቸው። መንግሥታቸው እጁን ለመስጠት ሲያዘነብል በጁን 17 ቀን ወደ ለንደን በረሩ፤ በማግሥቱም በቢ.ቢ.ሲ. ሬዲዮ ለሕዝባቸው ተናግረው ትግሉ እንዳላበቃ አስታወቁ። ይህን ሁሉም የታሪክ መጽሐፍ ይጽፈዋል። ብዙው የማይጽፈው ግን በዚያው ሰዓት ባለቤታቸው የት እንደ ነበሩ ነው። ወይዘሮ ኢቮን ሦስቱን ልጆችና ሞግዚቷን ይዘው በፈረንሳይ ምዕራብ ጠረፍ ነበሩ። እነርሱን ለማምጣት ከእንግሊዝ የተላከው አውሮፕላን ወድቆ በውስጡ የነበሩት ሞቱ። እሳቸው ግን ይህን ሳያውቁ፥ የጠላት ጦር ሳይደርስ፥ ከብሬስት ወደብ በመርከብ ተሳፍረው ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። በዚያች መርከብ ላይ የአሥራ ሁለት ዓመቷ አን ነበረች። አገር በሚፈርስበት፥ ሰው ሁሉ ነፍሱን ለማዳን በሚሯሯጥበት ጊዜ ይህችን ልጅ ለሰው ትተን እንሂድ አላሉም።

በኦገስት 1940 ለጠላት ያደረው የፈረንሳይ መንግሥት ፍርድ ቤት ጄኔራሉን በሌሉበት በሞት ቀጣቸው። በእንግሊዝ አገርም ኑሮ ቀላል አልነበረም። የቦምቡ ድምፅ አንን ያስደነግጣት ስለ ነበር ቤተሰቡ ከለንደን አጠገብ ተነሥቶ ወደ ገጠር ሄደ፤ ከዚያም ደጋግሞ ቤት ለወጠ። ጄኔራሉ በ1943 ወደ አልጀርስ ሲዛወሩ እናትና ልጅ ተከተሏቸው። በኦገስት 1944 ፓሪስ ነጻ ወጣች፤ ደጎልም የጊዜያዊው መንግሥት መሪ ሆኑ።

ዓለም ሁሉ ስማቸውን በሚያነሣበት በዚያ ወራት ባልና ሚስቱ ሌላ ጭንቀት ነበረባቸው። ከእኛ በኋላ አንን ማን ይይዛታል? ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የእንዲህ ያለ ልጅ ወላጅ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። በሆሳዕና፥ በዱራሜ፥ በሺንሺቾ፥ በአንጋጫ ያሉ እናቶች እንሰታቸውን ሲፍቁ ይጠይቁታል። እናቴ ትጠይቀዋለች። ደጎልና ባለቤታቸው ለጥያቄው መልስ ለመፈለግ በ1945 ከፓሪስ ብዙ በማይርቅ ሚሎን ላ ሻፔል በሚባል ስፍራ ቤት ገዝተው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጃገረዶች መኖሪያ አደረጉት፤ ድርጅቱንም በልጃቸው ስም ሰየሙት። ገንዘብ ያዥ ሆነው ካገለገሉት አንዱ በ1969 ደጎልን ተክተው ፕሬዚዳንት የሆኑት ዦርዥ ፖምፒዱ ናቸው። ጄኔራሉ በኋላ ከጻፉት የጦርነት ማስታወሻ ከተገኘው ገንዘብም ለዚህ ድርጅት ውሏል። ድርጅቱ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

አን ግን የወላጆቿን ሞት አላየችም። በፌብሩወሪ 6 ቀን 1948 በሳንባ ምች በአባቷ እቅፍ ውስጥ ሞተች። ሃያ ዓመት ከአንድ ወር ኖራለች። በኮሎምቤ መቃብር ከቀበሯት በኋላ ጄኔራሉ ባለቤታቸውን ሲያጽናኑ አሁን እንደ ሌሎቹ ሆነች እንዳሏቸው ይነገራል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ አለቀስሁ፤ ነገር ግን ብዙ ካሰብሁ በኋላ በዚህ ነገር ከታላቁ ሰው ጋር ልስማማ አልቻልሁም። እንደ ሌሎቹ ለመሆን መሞት ለምን ያስፈልጋል? እኅቴ እንደ ሌሎቹ እንድትሆን የምንፈልገው በሕይወት ሳለች፥ በደጃችን፥ በመንገድ ላይ፥ በትምህርት ቤት ነው።

ደጎል በ1958 እንደገና ወደ ሥልጣን ተመልሰው በጃንዩወሪ 8 ቀን 1959 ፕሬዚዳንት ሆኑ። የሚያስገርመው ነገር፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፥ በዚያችው በፓሪስ ሦስት ሐኪሞች፥ ዤሮም ሌዦን፥ ማርት ጎቲዬና ሬሞን ቱርፓን፥ የዳውን ሲንድረምን ምክንያት ማግኘታቸውን በጽሑፍ አስታወቁ። በባዮሎጂ ትምህርት እንደ ተማርነው በሰው ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች በ23 ጥንድ ተደርድረው ይገኛሉ። በነዚህ ልጆች ዘንድ ግን 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ይሆናል፤ ጠቅላላውም 47 ይሆናል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው በአብዛኛው የእናት ዕንቍላል ወይም የአባት ዘር በሚሠራበት ጊዜ በሚደርስ የአከፋፈል ስሕተት ነው። የእናት ዕድሜ ሲጨምር ዕድሉ ይጨምራል እንጂ በወጣት እናቶችም ላይ ይደርሳል፤ ከሺህ ልደት በአንዱ ያህል፥ በሀብታምም በድኻም፥ በነጭም በጥቍርም ቤት ይደርሳል። እርግማን የለበትም፤ የምግብ ጥፋት የለበትም፤ የሀዲያ ደም ወይም የከምባታ ደም የለበትም። አን ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበርና ወላጆቿ ይህን ያወቁት ዘግይተው ነው።

በነሐሴ 1958 ዓ.ም. ጄኔራሉ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፥ ሐኪሙ ዳውን ጽሑፉን ካወጣ ልክ አንድ መቶ ዓመት ነበር። አያቴ በመንገድ ዳር ቆመው ያዩት ያ ረጅም ሰው ልጁን ከቀበረ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎታል። አያቴ ስለ ቁመቱ ነገሩን እንጂ ስለዚህ ነገር አላወቁም። ቢያውቁ ኖሮ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ የልጅ ልጃቸው ስትወለድ የሚሉት ነገር ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር።

ደጎል በኤፕሪል 1969 ሥልጣናቸውን ለቀው ወደ ኮሎምቤ ተመለሱ፤ በኖቬምበር 9 ቀን 1970 ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው በዚያው ቤት ሞቱ። ገና በ1952 በጻፉት ኑዛዜ የመንግሥት ሥነ ሥርዓት እንዳይደረግላቸው፥ በመቃብራቸው ላይም ከስማቸውና ከዘመናቸው በቀር ምንም እንዳይጻፍ፥ የሚቀበሩትም አን ባረፈችበት ስፍራ እንዲሆን አዘው ነበር። እንደ ቃላቸውም ሆነ። ነገሥታትና ፕሬዚዳንቶች በፓሪስ ሲሰበሰቡ እሳቸው በትንሽ መንደር መቃብር በልጃቸው አጠገብ ተቀበሩ። በ1979 ወይዘሮ ኢቮንም ተከተሏቸው።

የጄኔራል ደጎል ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን በክፍል ውስጥ ከማንበቤ በፊት አንድ ማታ በቤታችን አነበብሁት። አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። እኅቴን የሚጠሉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን እሷን መያዝ የእናቴ ሥራ እንደ ሆነ ሁላችንም ሳንነጋገር ተስማምተን ነበር። እናቴ ከዕድሯ ቀርታለች፤ ዱራሜ ያሉትን እናቷን ካየች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ የታናሽ ወንድሟ ሠርግም አልፏታል። እንግዳ ሲመጣ እኅቴ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር፤ የማስገባትም እኔ ነበርሁ። አነበብሁና ጨረስሁ። ስለ ክሮሞዞሙ የጻፍሁት ቦታ ስደርስ እናቴ እንደገና እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ ሁለተኛ አነበብሁላት። አባቴ ምንም ሳይናገሩ ወደ መኝታቸው ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አባቴ የእኅቴን እጅ ይዘው ከበር ወጡ፤ ወደ ስፌት ቤታቸው ወሰዷት። እናቴ በባዶ ቤት ተቀምጣ እጆቿን የምታደርግበት አጥታ አየኋት። ጥቂት ቈይታ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እስኪመሽ ድረስም ተኛች። እኅቴ በስፌት ቤቱ የልብስ ቍልፎችን በየቀለማቸው ትለያለች። በመጀመሪያው ሳምንት አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያት ነበር፤ አንዳንዱም ልብሱን ሳይሰጥ የተመለሰ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጕንፋን ይዟት በቀረች ጊዜ ደንበኞች የት ሄደች ብለው ጠየቁ። እኔ የቅዳሜን ጧት ወስጃለሁ፤ እናቴም በዚያ ሰዓት ወደ ዕድሯ ትሄዳለች። ባለፈው ጥር ወደ ዱራሜ ሄዳ እናቷ ቤት ሁለት ሌሊት አደረች። ስትመለስ ቤታችን በደንብ አልተጠረገም ነበር፤ ወጡም አርሮ ነበር፤ ግን ሁላችንም በሕይወት ነበርን።

ሁሉ ነገር ተፈጸመ አልልም። ከወላጆቼ በኋላ የሚለው ጥያቄ አሁንም በቤታችን አለ፤ ከመልሱ አንዱ ክፍል እኔ እንደ ሆንሁ ግን አሁን አውቃለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ጓደኛዬን ወደ ቤት ስጋብዝም እጄ ላብ አልቦት ነበር። እኅቴ ሻይ ይዛ መጥታ ግማሹን አፈሰሰችበት፤ እሱም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

አንባብያን ሆይ፤ ይህን የጻፍሁት ታላቅን ሰው ለማመስገን ብቻ አይደለም። በየቀበሌያችን እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት ቢኖር ልናውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ከነዚህ ልጆች ግማሽ የሚሆኑት ልባቸው ላይ እክል ይዘው ስለሚወለዱ በሕፃንነታቸው በሐኪም መመርመር አለባቸው፤ ጆሯቸውና ዐይናቸውም መታየት ይገባዋል። መናገርና መራመድ ቢዘገዩም ይማራሉ፤ ብዙዎቹም ማንበብ ይችላሉ። በአን ዘመን ሃያ ዓመት መኖር ብዙ ነበር፤ ዛሬ ሕክምና በተሟላባቸው አገሮች ስድሳ ዓመት የሚኖሩ ብዙ ናቸው። በአገራችንም የቀድሞው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳና ቤተሰባቸው ዲቦራ ፋውንዴሽን የሚባለውን ድርጅት በልጃቸው ስም በአዲስ አበባ አቋቁመዋል፤ ሥራውም በዳውን ሲንድረም ላይ ነው። በከተማችን በሆሳዕና ደግሞ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ። በጣታቸው እየተነጋገሩ በመንገድ ሲያልፉ ዛሬ ማንም ቆሞ አያፈጥባቸውም። ሰው የለመደውን አይፈራም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ማርች 21 ቀንን፥ በእኛ መጋቢት 12ን፥ የዳውን ሲንድረም ቀን አድርጎ ከ2012 ጀምሮ ያስባል፤ ሦስተኛው ወርና 21ኛው ቀን የተመረጡት ሦስት ስለሆነው 21ኛ ክሮሞዞም ነው።

ከሁሉ በፊት ግን እናቲቱን አስቡ። ልጁን ለማየት ሳይሆን እሷን ለማሳረፍ ሂዱ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጁን ያዙላትና ወደ ዕድሯ፥ ወደ ገበያዋ፥ ወደ እናቷ ቤት ትሂድ። ጄኔራል ደጎል ያን ሁሉ ጦርና መንግሥት ሲመሩ ለልጃቸው ሰዓት አላጡም። እኛ ምን ሥራ በዝቶብን ነው?